ከዐውሎ ነፋስ በኋላ ስለ መብራትና ስለ ከሰል

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አደጋ መናገር የማይስማማ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት የሚጠቅመው ወደ ቤታችን ይዘነው ስንገባ ነውና፥ ዛሬ ሕይወትን ስለሚያድን አንድ ጉዳይ ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ። ጉዳዩም ብርቱ ነፋስ የኤሌክትሪክ መሥመር በጣጥሶ ካለፈ በኋላ መብራት እንዴት እንደሚመለስ፥ እስኪመለስም ድረስ ሰው ራሱንና ቤተ ሰቡን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የምትገኘው የሲያትል ከተማ ናት። በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ ከመካከላችን እዚያ ዘመድ ያለው አይታጣም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1999 ዓ.ም.፥ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 2006፥ ሌሊት በዚያ አገር ታላቅ ነፋስ ተነሣ። በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በተለካው መሠረት ፍጥነቱ በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ባለፈው ወር 400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ርሶ ስለ ነበር፥ ረጃጅሞቹ ዛፎች ከነሥራቸው እየተነቀሉ በኤሌክትሪኩ ሽቦ ላይ ወደቁ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችና ድርጅቶች በጨለማና በብርድ ተያዙ። አንዳንዱም ሰፈር ከሳምንት በላይ መብራት ሳያይ ቆየ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሰው አፍ የማይጠፋው ጥያቄ፥ «የጎረቤቴ ቤት ሲበራ የእኔ ስለ ምን ይጨልማል?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት የመስኖን ውሃ ማሰብ ይበቃል። ዋናው ቦይ ተሰብሮ ሳለ በየማሳው ያለውን ትንሽ ቦይ ቢጠግኑ ውሃ አይመጣም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞችም እንደዚሁ ከሁሉ አስቀድመው ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉትን ታላላቅ መሥመሮችና የማከፋፈያ ጣቢያዎችን ያድሳሉ፤ ቀጥለውም ለሐኪም ቤትና ለውሃ ማደያ ኃይል የሚሰጡትን፥ ብዙ ሕዝብም የሚያገለግሉትን መሥመሮች ያበጃሉ፤ በመጨረሻም ከምሰሶ ወደ አንድ አንድ ቤት የሚገባውን ሽቦ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ከልዩ ልዩ መሥመር ወይም ከልዩ ልዩ ትራንስፎርመር መብራት የሚያገኙ ከሆነ፥ አንዱ ሲበራለት ሌላው በጨለማ ሊቆይ ይችላል። ይህ አድልዎ አይደለም፤ የሥራው ሥርዓት ነው።

እንግዲህ መጠበቅ ግድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ሰው በትዕግሥት ማጣት የሚያደርገው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከነፋሱ ይልቅ ይጎዳል። ሦስቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ከወደቀ ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። ሽቦ መሬት ላይ ተጋድሞ ብልጭታና ድምፅ ባይሰጥ ኃይል የለውም ማለት አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ሳለ እንኳ ሽቦው በውስጡ ኃይል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፥ ሌላውንም ማስጠንቀቅ፥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መናገር ይገባል። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና በእንጨት ገፋ ለማድረግ ማንም አይሞክር። ሽቦ በመኪና ላይ ቢወድቅ በውስጡ ያሉት ሰዎች ሠራተኛ እስኪመጣ ሳይወርዱ ይቆዩ። እሳት ተነሥቶ መውጣት ግድ ቢሆንባቸው ግን መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ ሁለቱን እግሮች ገጥመው ይዝለሉ፤ ከዚያም እግራቸውን ከመሬት ሳያነሡ በትንሽ በትንሹ እየተሳቡ ይራቁ።

ሁለተኛው የጄኔሬተር ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ጄኔሬተሩን በቤቱ የኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ኃይሉም ወደ ኋላ ተመልሶ በሽቦው ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል፤ ትራንስፎርመሩም ኃይሉን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ያደርገዋል። በምሰሶው ላይ ወጥቶ ለዚያው ቤት መብራት ለመመለስ የሚደክመውን ሠራተኛ የሚገድለው ይህ ነው። ጄኔሬተር ያለው ሰው ዕቃዎቹን በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ጋር ያገናኝ፤ ሞተሩንም ከቤት ውጭ፥ ከበርና ከመስኮት አርቆ ያስቀምጠው።

ሦስተኛውና ዛሬ ወደዚህ መድረክ ያወጣኝ ግን የከሰል ነገር ነው። በዚያ በሲያትል ነፋስ ጊዜ ብርዱ ሲጠና ብዙ ሰዎች በቤታቸው ውስጥ ከሰል አቀጣጠሉ፤ ጄኔሬተራቸውንም ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ያስነሡ ነበሩ። በከተማዋ አውራጃ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ሕክምና ሲደረግላቸው፥ 8 ሰዎች ሞቱ። ከሰል ካነደዱት ውስጥ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ፥ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱም ጭምር ነበሩ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ስላልደረሳቸው የከተማዋ ታላቅ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በልዩ ልዩ ቋንቋ በፊተኛው ገጹ ላይ አተመው።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። በአገራቸው የለመዱትን አደረጉ። እኛስ? ከሰሉን በደጅ እናቀጣጥልና ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት እናስገባለን። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለጥንቃቄ ነው፤ ጭሱም ዐይን እንዳያቃጥል ይረዳል። ነገር ግን መርዙ ጭሱ አይደለም። ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም፥ አየር በሚያንስበት ክፍል ውስጥ ሲነድ፥ ቀለምና ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውነት አየር እየተነፈሰ ሳለ ኦክሲጅን ያጣል። ምልክቱም ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል። በአንድ ቤት ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ፤ ፈጥነው ወደ ውጭ ይውጡ፥ ወደ ሐኪም ቤትም ይሂዱ። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ከሰል በተለይ በመኝታ ክፍል ማደር የለበትም፤ ብርድ ቢሆን ልብስ ደርቦ መተኛት ይሻላል።

የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪዎች ከዚያ አደጋ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. በመኖሪያ ቤት ይህን መርዝ ነቅቶ የሚጮህ መሣሪያ እንዲተከል የሚያዝ ሕግ አወጡ። ነፋሱም አልቀረም፤ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ሌላ ብርቱ ነፋስ በዚያው አገር በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን አጨለመ። ነፋስን ማስቆም አይቻልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጥበብ ግን ለሁላችንም ተሰጥቶናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛ ሥነ ፍጥረትና ኬሚስትሪ ስንማር የካርቦንን ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ፈተና እናልፍበታለን። እናቶቻችን ግን ያንን ሰሌዳ አላዩትም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፥ በትሕትና፥ «እማዬ፥ ፍሙ ጭስ ባይኖረውም መርዝ አለውና ከመተኛታችን በፊት እናውጣው» በሏት። የበዓሉ ስጦታ ይህ ይሁንልን።