አሟሚ፣ ብርሃንና ማደንዘዣ መድኃኒት



ፕሮፖፎል የተባለው ማደንዘዣ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ የዋለው በሶያ ዘይት ሟሙቶ፣ ዘይቱም በውሃ ውስጥ እንደ ወተት ተበትኖ ነው። ይሁን እንጂ አሟሚ ተሸካሚ ብቻ አይደለም። ብርሃን ያነቃቃው ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ 4 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሲቆይ፣ ጠባዩ ወደ ዘይት በሚያደላው በሄክሴን ግን 30 ያህል ይቆያል፤ መድኃኒቱን የሚያጠቃበት ጊዜም ይረዝማል። ስለዚህ በውሃ የተደረገ የብርሃን ፈተና ለዘይቱ ዋስ አይሆንም። ጠርሙሱ በናይትሮጅን የሚታሸገውም ኦክሲጅንን ለማራቅ ነው።

የህዳሴው ግድብ በሚገኝበት በጉባ ቆላም ሆነ ከአዲስ አበባ አሶሳ በሚያደርሰው ረጅም መንገድ፣ መድኃኒቱ ከካርቶኑ ሳይወጣ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ሊጠበቅ፣ ቀለሙ የተለወጠው ወይም ዘይቱ የተለየው ሊወገድ ይገባል። የተኛ ሕመምተኛ ጠርሙሱን ሊመረምር አይችልም፤ ዓይኑ ፋርማሲስቱ ነው።