ስም የሚጠፋን ከልባችን ነው ወይስ ከጆሯችን?

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ታናሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁላችንንም በየቀኑ ያሳፍረናል። ይኸውም የሰውን ስም መርሳት ነው። ትናንት የተዋወቅነው ሰው ዛሬ በስማችን ሲጠራን፥ እኛ «እንደምን አደርክ፥ ወንድሜ» ብለን እናመልጣለን። ኋላም «ስም መያዝ አልችልም» እንላለን። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል እንጂ ሰበብ መሆኑን ለማስረዳት ተነሥተናል።

በእርግጥ ስም ለመያዝ አስቸጋሪ መሆኑን አንክድም። እ.ኤ.አ. በ1987 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ለሰዎች የማያውቁትን ፊት እያሳዩ የባለ ፊቱን ስምና ሥራ አስጠኗቸው። በእንግሊዝኛ «ቤከር» ማለት ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የሰውም ስም ይሆናል። ያው አንድ ቃል የሥራ መጠሪያ ሲሆን ይታወሳል፤ የሰው ስም ሲሆን ግን ይበልጥ ይረሳል። ዳቦ ጋጋሪ ሲባል ምድጃውና ዱቄቱ፥ ሽታውም ሳይቀር ወደ ሐሳብ ይመጣል፤ ስሙ ግን ባዶ ድምፅ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ረገድ እኛ ዕድለኞች ነን። የአገራችን ስም አብዛኛው ትርጉም አለው። ምትኩ ወይም ካሣ የተባለ ሰው ሲገጥመን፥ ከእርሱ መወለድ በፊት በቤቱ ሐዘን እንደ ነበረ ልንገምት እንችላለን። ማስረሻም የተባለው ያለፈውን ሐዘን እንዲያስረሳ ነው እንጂ እኛ ስሙን እንድንረሳው አይደለም። እንግዲህ ይህን የመሰለ ስም ሰምተን ከረሳን፥ ጉድለቱ ከስሙ ሳይሆን ከእኛ ነው።

ጉድለቱስ ምንድር ነው? ማልኮልም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት፥ ሰዎችን በአንድነት አስቀምጦ በየተራ ቃል ጮኽ ብለው እንዲያነቡ አደረገ። ሰዎቹም ከራሳቸው ተራ ጥቂት ቀደም ብሎ የተነበበውን ቃል በደንብ ሳይዙት ቀሩ፤ ሐሳባቸው በራሳቸው ተራ ላይ ነበርና። በትውውቅም ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው። እጃችንን ስንዘረጋ የምናስበው እንዴት ሆነን እንደምንታይ ነው። ስለዚህ ስሙን ረሳነው ማለት አይገባም፤ ከመጀመሪያው አልያዝነውም። ያልተቀመጠ ዕቃ ጠፋ አይባልም። «አልችልም» ያለ ሰው ደግሞ ለመስማት አይጥርም፤ ሳይጥር ሲቀርም አለመቻሉን እንዳረጋገጠ ይቆጥረዋል።

ማንን እንደምንረሳም እንመርምር። ፈተናችንን የሚያርሙልንን መምህራን ስም የረሳ ከመካከላችን ማን አለ? ነገር ግን ይህን ንግግር ያዘጋጀን ስድስት ተማሪዎች ባለፈው ሳምንት፥ ሦስት ዓመት ሙሉ በምግብ ቤቱ ወጥ የጨለፉልንን እናት ስም እርስ በርሳችን ተጠያየቅን፤ አንዳችንም አላወቅንም። «እማማ» እያልን መጥራታችን አክብሮት መስሎን ነበር። አፍረን ሄደን ጠየቅናቸው። ስማቸውን ከነገሩን በኋላ የስድስታችንንም ስም አንድ በአንድ ጠሩ። ያስተዋወቃቸው ሰው አልነበረም። ተደንቀን ብንጠይቃቸው፥ «በሰልፍ ስትጠራሩ እሰማ የለም ወይ?» አሉን። በቀን ብዙ መቶ ሰው የሚመግቡት እሳቸው ናቸው፤ ጊዜ የለንም የምንል ግን እኛ ነን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ስሙ ሲነገረን የራሳችንን ሐሳብ አቁመን እንስማ፤ ካልሰማን ወዲያው እናስደግም። ሁለተኛ፥ ትርጉሙንና ማን እንዳወጣው እንጠይቅ፤ ወሬውም ስሙን ያጸናል። ሦስተኛ፥ ላንዳወርና ብዮርክ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፥ ስሙን ጥቂት ቆይቶ፥ ቀጥሎም ጊዜውን እያራዘሙ ከራስ አውጥቶ ማስታወስ ይረዳል። ቢጠፋንም «ይቅርታ፥ ስምዎ ጠፋኝ» ማለት ከማምለጥ ይሻላል።

የእኚያን እናት ስም በዚህ አንናገርም። ነገ በምሳ ሰዓት ሳሕናችሁን ስትዘረጉ ራሳችሁ ጠይቋቸው። ስታመሰግኗቸውም በስማቸው ይሁን።