አሥራ ሁለቱ ወራት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየወሩ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በብስክሌት የሚጓዙ ሰዎች አሉ ቢባል፣ የዝቋላን ዳገትና ቁልቁለት የምናውቅ እኛ «ምን በወጣቸው!» ማለታችን አይቀርም። ብስክሌቱስ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ ገረመው ደምቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ድረስ ሄዶ ተወዳድሮበታል። የነዚህኞቹ ግን ውድድር አይደለም። ሁለት መቶውን ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል ውስጥ የጨረሰ ሁሉ እኩል ነው። በየጣቢያው ካርዳቸው ላይ ምልክት ይደረግላቸዋል። በአሜሪካ ያለው ማኅበራቸው አሥራ ሁለት ወር ሳያቋርጥ ለተጓዘ ሽልማት ይሰጣል። አንዲት ወር ያመለጠችው፣ አሥራ አንዱን ቢጨርስም፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ካርዱ የእኛን የዕድር ካርድ አይመስልም? እኛም በየወሩ ከፍለን እናስፈርማለን። አንዳንዶቻችንም ደንባችን እንደዚያው ይጥበቅ ስንል ሰንብተናል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከዝቋላ ተፈናቅለን ሰቆጣ በተጠለልን ጊዜ የማን ካርድ ነው ሳይፈረም ያልቀረ? ብስክሌተኛው ወሩ ቢያመልጠው ሌላ ዓመት ይሞክራል። መንገድ የተዘጋበትን አባል «ከአንድ ጀምር፣ መመዝገቢያም ክፈል» ብንለው፣ በመካከሉ ሞት ቢመጣ ድንኳኑን ማን ይተክልለታል?

ስለዚህ የነዚያ ወራት ባዶ ቦታ እንደ ዕዳ እንዳይቆጠር እንጠይቃለን። ጸሐፊያችን «ተፈናቅሎ» ብለው ይጻፉበትና ካርዱ ይቀጥል። ሀገር ሰላም ሆኖ፣ ቤቱ ተቀምጦ ያልከፈለውን ግን እኛም አንደግፍም፤ እሱስ ቅጣቱን ይክፈል።