በማላዊ ገጠር የልብስ ስፌት ስለ ማስተማር



በ2011 ዓ.ም. በማላዊ፥ በዴድዛ ወረዳ በምትገኝ አንዲት መንደር ለሦስት ወር በበጎ ፈቃድ የልብስ ስፌት ስለ ማስተማሬ እንድናገር በተጠየቅሁት መሠረት ጥቂት አሳብ አቀርባለሁ። መሐንዲስን ከመርፌና ከክር ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መስፋትን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እርሱም በሱቅ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው።

መንደሪቱ የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበራት ሥራው ሁሉ በእግር በሚረገጥ መኪና ይከናወን ነበር። ይህን እንደ ጉድለት አልቈጥረውም፤ የመኪናው ብልቶች ጥቂት ናቸው፥ አሠራሩም በዓይን ይታያል። የፋብሪካን መኪና አጥብቀው ይነቅፉ የነበሩት ማህተማ ጋንዲ እንኳ የስፌትን መኪና ለይተው አመስግነዋል።

ይሁን እንጂ ከውጭ አገር በስጦታ ከመጡት ስድስት መኪናዎች መካከል እኔ ስደርስ ሦስቱ ቆመው ነበር። የአንደኛው ቺንጊያ ላልቷል፤ የሁለተኛው ክር መወጠሪያ ሞላ ተሰብሯል፤ ሦስተኛው ግን በውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር። እንደሚታወቀው፥ የላይኛውና የታችኛው ክር የሚቈላለፉት መርፌዋ እስከ መጨረሻው ወርዳ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሽቅብ ስትመለስ በጎኗ የሚፈጠረውን የክር ቀለበት የመንጠቆው ጫፍ ሲይዘው ነው። መንጠቆው በጥቂቱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ስፌቱ ይዘላል። በዚያ መኪና ትማር የነበረች አንዲት እናት ጥፋቱ የእጇ መስሏት ትምህርቱን ለመተው ቈርጣ ነበር። መንጠቆው ከተስተካከለ በኋላ ግን ያው እጅ በዚያው ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት አወጣ። በተሰጠኝ የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ለጥገና የተመደበ አንድ ሰዓት እንኳ አልነበረም!

ስለ ገበያው ብዙ አልናገርም። ካውንጂካ የሚሉት ልባሽ ጨርቅ በርካሽ ስለሚሸጥ ሸሚዝ እየሰፉ ከእርሱ ጋር መወዳደር ከንቱ ድካም ነው። የሚያዋጣው የተማሪ የደንብ ልብስና የቺቴንጄ ቀሚስ መስፋት፥ ልባሹንም ለገዛው ሰው በልኩ ማጥበብ ነበር።

ከመንደሪቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፥ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። መንጠቆ ማስተካከል ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል፤ ቋንቋውም ቋንቋቸው ነው። እንዲያስተምሩ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ለእኔ የአውሮፕላን ዋጋ የከፈለው ድርጅት ለእርሳቸው የቀን አበል መክፈልን ደንቡ እንደማይፈቅድ ገለጠልኝ። በእኔ አስተያየት ይህ ደንብ መለወጥ አለበት። ሴቶቹ መልሱን አልጠበቁም፤ ከደንብ ልብሱ ገቢ አዋጥተው አዛውንቱ በየወሩ እየመጡ መኪናዎቹን እንዲያዩ፥ ከመካከላቸውም ሁለቱን ጥገና እንዲያስተምሩ ተዋዋሉ። ከመንደሪቱ በወጣሁበት ሳምንት ከስድስቱ መኪናዎች አምስቱ ይሠሩ ነበር። ስድስተኛው ሞላ ከሊሎንግዌ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር።