ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ፦ ስለ ዲጂታል ገመድ አልባ ማይክ

(በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በኢማሙ ወገብ ላይ ስለምትታሰረው ትንሽ መሣሪያ፣ ስለ ዲጂታል ገመድ አልባ ማይክ ነው። «ይህ የቴክኒሻን ጉዳይ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኛም እንዲያ ስንል ዓመታት አሳልፈናል። ሐሳባችንን ያስቀየረን በቡታጅራ ያሰገድነው አንድ የዐረፋ ሶላት ነው።

ዐረፋ በጉራጌ ምድር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከመርካቶ፣ ከየክልሉ ከተማ፣ ከባሕር ማዶም ሳይቀር ልጆች ወደ አገራቸው ይገባሉ። መስጂዱ ይሞላል፣ ግቢው ይሞላል፣ ሰፉ መንገድ ይይዛል። እናቶችና እህቶች ከኋላ በሸራ በተከለለው ቦታ ይቆማሉ። ኢማሙን አያዩትም፤ ከኢማሙ ጋር የሚያገናኛቸው ድምፁ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ጀማዓው ባዋጣው ገንዘብ አዲስ ዲጂታል ማይክ ተገዝቶ ነበር። ሳምንታት ያለ እንከን ሠርቷል። በዋዜማው ማታ ባዶው መስጂድ ውስጥ ሞከርነው፤ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ድምፅ ሰጠን። በማግስቱ ጠዋት ሶላቱን ጀመርን። እንደምታውቁት በሻፊዒይ መዝሀብ የዒድ ሶላት በመጀመሪያው ረከዓ 7፣ በሁለተኛው 5 ትርፍ ተክቢራዎች አሉት። አራተኛው ተክቢራ ላይ ድምፁ ጠፋ። እኛ አላወቅንም። ከፊት ያሉት የጉሮሯችንን ድምፅ ስለሚሰሙ እነሱም አላወቁም። ፋቲሐ መሐል ተመለሰ፣ ደግሞ ጠፋ። ከሸራው ኋላ ገሚሱ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፣ ገሚሱ ሩኩዕ ወርዷል፣ ገሚሱ ዞር ብሎ ጎረቤቱን ያያል።

ከኹጥባው በኋላ አንዲት ትልቅ እናት መጡ። «ሼኬ፣ ዓመት ጠብቄ የመጣሁበትን ሶላት በግምት ሰገድኩት» አሉን። ትርፍ ተክቢራዎቹ ሱና መሆናቸውን፣ በእነሱ መጉደል ሶላት እንደማይበላሽ ነገርናቸው። እሳቸው ግን ፈትዋ ሊጠይቁን አልነበረም የመጡት።

ምን ነበር የሆነው? መሣሪያው አልተበላሸም። በኋላ ከባለሙያ ጋር ተቀምጠን ነገሩን አንድ በአንድ ስንመረምር ጥፋቱ በአቀማመጡና በእኛ አለማወቅ ላይ ሆኖ ተገኘ።

ገመድ አልባ ማይክ ሁለት አካል አለው። አንዱ ኢማሙ የሚይዘው ወይም ወገቡ ላይ የሚያስረው አስተላላፊ ነው። ሌላው ከአምፕሊፋየሩ ጋር በገመድ የሚገናኘው ተቀባይ ነው። አስተላላፊው ድምፃችንን ወደ ቁጥር ቀይሮ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ተቀባዩ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ይመልሳል። ዲጂታል የተባለው ለዚህ ነው። የድሮው አናሎግ ማይክ ሞገዱ ሲደክም ሽሽ እያለ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ኢማሙም ሙአዚኑም ሰምተው ይነቃሉ። ዲጂታሉ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠርቶ ይሰማና ድንገት ጭጭ ይላል። ማማሩ ራሱ ያዘናጋል።

የእኛ መሣሪያ ደግሞ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ የሚሠራ ዓይነት ነበር። ዋይፋይና ብሉቱዝ በዚሁ ሰፈር ነው የሚኖሩት። በዋዜማው ማታ መስጂዱ ውስጥ የነበሩት ስልኮች የእኛና የሙአዚኑ ብቻ ነበሩ። በጠዋቱ የሰጋጁ ኪስ ሁሉ ስልክ ነበረው፣ ብዙውም ብሉቱዙና ዋይፋዩ የተከፈተ። በዚያ ላይ የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። በአስተላላፊውና በተቀባዩ መካከል የቆመ ሰፍ ሁሉ ግድግዳ ማለት ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ተቀባዩን ያስቀመጥነው ቦታ ነበር። ሌባ እንዳይወስደው ብለን ከመስጂዱ ኋላ ባለ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አንቴናውን አጥፈን ቆልፈንበት ነበር። ብረት የሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም። እስከዚያ ቀን መሥራቱም በበሩ ስንጥቅ ሳይሆን አይቀርም። ንብረቱን ከሌባ ስንጠብቅ ከሰጋጁ ነጠቅነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ተራ የዕቃ ጉዳይ ያልሆነበትን ምክንያት እንንገራችሁ። በመዝሀባችን ኪታቦች እንደተቀመጠው ተከታይ የኢማሙን እንቅስቃሴ ማወቅ አለበት፤ ወይ በማየት፣ ወይ በመስማት፣ ወይ በሙበሊጝ፣ ማለትም የኢማሙን ተክቢራ ተቀብሎ ለኋለኞቹ በሚያሰማ ሰው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሞቱበት ሕመም ወቅት ተቀምጠው ሲያሰግዱ ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር አቡበክር (ረ.ዐ.) ተክቢራቸውን ለሰው ያሰሙ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዛሬ ያንን ሥራ ለዚህች መሣሪያ ሰጥተናታል። ስንሰጣት ግን ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል አልጠየቅናትም።

ታዲያ እንዴት ትተከል? ዋናው ነገር የሞገዱ መንገድ አጭር፣ የገመዱ መንገድ ረጅም ይሁን። ተቀባዩን ከሚሕራቡ አጠገብ፣ ከቆመ ሰው ራስ ከፍ አድርጋችሁ፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከዚያ ወዲያ እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ በደህና ገመድ ውሰዱት፤ ገመድ በሰው ብዛት አይደክምም። ሌባ ካሰጋችሁ ከሶላት በኋላ አውርዳችሁ ቆልፉበት። የዋይፋይ ሳጥን ካለ ከተቀባዩ ይራቅ።

አስተላላፊውን ከተቀባዩ ጋር ማስተዋወቅ ቀላል ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ በሚሠሩት ብዙውን ጊዜ የሁለቱንም ማጣመሪያ ቁልፍ ተጭኖ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ዩ.ኤች.ኤፍ. በሚባለው ሞገድ የሚሠሩት ደግሞ መጀመሪያ አስተላላፊው ጠፍቶ፣ ተቀባዩ ባዶ ሞገድ እንዲፈልግ ይታዘዛል፤ ካገኘ በኋላ አስተላላፊው በርቶ በዚያው ሞገድ ይስተካከላል። ይህ ፍተሻ ሰው በሌለበት ብቻ አይደረግ። በባዶ መስጂድ የሚደረግ ፍተሻ ግማሽ ፍተሻ ነው። ጁሙዓ ቀን ሰው ከገባ በኋላ፣ ከኹጥባው በፊት፣ አንድ ሰው ከሴቶቹ በኩል ሆኖ ያዳምጥ። እዚያ የቆመችዋ እህት «ተሰማ» ካላለች አልተሰማም።

ኢማሙ አስተላላፊውን ከስልኩ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይክተት። ከተቻለ ሶላት ሲገባ ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝለት። ደረት ኪስ ውስጥ ከሆነ ሱጁድ ስንወርድ ገላችን ይጫነዋል፤ ወገብ ላይ፣ ወደ ተቀባዩ በሚያየው ጎን ይታሰር። አንቴናው እንዳይታጠፍ። የአንገት ማይኳ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብላ ጀለብያው ላይ ትሰካ፤ ሻሽ ወይም ሽርጥ እየነካካት እንዳይንሻሻ። የድምፁን መጠን፣ ጌይን የሚሉትን፣ ስናስተካክል «አሎ አሎ» እያልን ሳይሆን እውነተኛውን የተክቢራ ድምፃችንን አውጥተን ይሁን። በለሆሳስ የተስተካከለ ማይክ «አላሁ አክበር» ሲባል ቀይ ያበራል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ፉጨት ከመጣ ደግሞ ማይኩ ሞንታርቦ ፊት ቆሟል ማለት ነው፤ አምፕሊፋየሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ሞንታርቦውን ወደ ሰጋጁ አዙሩት።

አንድ ወንድም «ዲጂታል ድምፅን አያዘገይም ወይ? ተከታዩ ከኢማሙ ወደ ኋላ አይቀርም ወይ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ለዚህ ተብለው የተሠሩት አብዛኞቹ የሚያዘገዩት የሰከንድን አንድ ሺሕኛ በጥቂት ያህል እጥፍ ነው፤ ከኢማሙ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርቆ የመቆም ያህል ማለት ነው። ተራ ብሉቱዝ ግን ሌላ ነው፤ ጆሮ የሚያውቀው ያህል ያዘገያል። ለሙዚቃ መስሚያ የተሠራን የብሉቱዝ ሞንታርቦ ለጀማዓ ሶላት አንመክርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋታችን እንምጣ፤ ይህኛውን መናገር ይከብደናል። ወልቂጤ ነው። ዙሁር ሰግደን ሰው ከተበተነ በኋላ አንዲት እህት የቤቷን ጉዳይ ልታማክረን መጣች። ከባሏ ጋር ስላላት ነገር ነው፤ ለወላጅ እናቷ ያልነገረችውን ነገረችን። አዳመጥናት፣ መከርናት። ጥቂት ደቂቃ እንደሄድን አንድ የመድረሳ ልጅ እየሮጠ ገባ። እያለከለከ «ኡስታዝ፣ ማይኩ!» አለን። አስተላላፊው ወገባችን ላይ በርቶ ነበር። ድምፁም በግቢው ብቻ ሳይሆን በሚናራው በኩል ለሰፈሩ ሲሰማ ቆይቷል።

የእህታችን ፊት እስከዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም። ይቅርታ ጠየቅናት፤ ወደ ቤቷም ሽማግሌ ላክን። የሰማው ጎረቤት እንዲሸፍንላት በሚቀጥለው ጁሙዓ ስም ሳንጠራ ተማጸንን። የወጣ ድምፅ ግን አይመለስም። ምስጢር አማና ነው፤ አማናውን የበላነው ደግሞ በጣታችን ጫፍ ልክ ባለች ቁልፍ ነው።

አንዳንድ ዲጂታል ማይክ ድምፁን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ እንደሚልክ ሻጮች ይነግሩናል፤ እውነት ነው። በመንገድ ላይ ማንም አይጠልፈውም። ሞንታርቦው ከተከፈተ ግን ያ ሁሉ ቁልፍ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ድምፅ መዝጊያውን እያየን ሳይሆን በዳሰሳ እስክናገኘው ድረስ እንለማመድ። ከሰላምታ በኋላ ዚክር ከማድረጋችን በፊት እጃችን ወደዚያ ይሂድ። በአንዳንዱ ላይ ይህ ቁልፍ በስህተት እንዳይነካ ይቆለፋል፤ ተቆልፎ ከሆነ ብንጫነውም እንደማይዘጋ ይታወቅ። ከሁሉ የሚሻለው አስተላላፊውን ፈትቶ ለሙአዚኑ ማስረከብ ነው። የሚናራውም ድምፅ ከውስጡ ተለይቶ፣ ለአዛን ብቻ የሚከፈት ቢሆን የውስጥ ስህተት ውጭ አይወጣም።

ስለ ግዢ አንድ ነገር እናክል። ወንድሞቻችን ከውጭ ያገለገለ ማይክ ይልኩልናል፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን በአሜሪካ የ700 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ እ.ኤ.አ. ከጁን 2010፣ የ600ው አብዛኛው ክፍል ደግሞ ከጁላይ 2020 ወዲህ ለገመድ አልባ ማይክ ተከልክሏል፤ ሞገዱ ለስልክ አገልግሎት ዞሯል። በርካሽ የሚሸጠው አንዳንዱ ዕቃ በዚህ ምክንያት የተጣለ ነው። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጀማዓውን ብር ከማውጣታችሁ ወይም ዕቃው ከመላኩ በፊት ከጀርባው ላይ የተጻፈውን የሜጋ ኸርዝ ቁጥር አንብቡና ጠይቁ።

የባትሪ ድንጋይ ነገርም አለ። ረመዳን ላይ ተራዊሕ ረጅም ነው፤ ትናንት የሠራ ድንጋይ ዛሬ ስምንተኛው ረከዓ ላይ ይሞታል። የሚሞላ ባትሪ ከሆነ ከዒሻ በፊት መሙላቱን ኢማሙ ራሱ ይይ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አስተላላፊው በባትሪው ቢቀጥልም ተቀባዩ ይጠፋል፤ በአነስተኛ ኃይል የሚሠራ ከሆነ በፓወር ባንክ ማቆየት ይቻላል። አምፕሊፋየሩ ግን የራሱ መጠባበቂያ ከሌለው ማይኩ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

በቡታጅራው መስጂድ ተቀባዩ አሁን ከሚሕራቡ በስተቀኝ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ባሰገድናቸው ዒዶች አልተቋረጠም። ቢሆንም በየዒዱ ድምፁ የሚያምር አንድ ወጣት ከወንዶቹ የመጨረሻ ሰፍ፣ ሸራው አጠገብ እናቆማለን። ሞንታርቦው ጸጥ ካለ ከፊቱ ያሉትን እያየ ተክቢራውን ተቀብሎ ያሰማል። እስካሁን አንድም ቀን ሥራ አላገኘም። እኚያ እናት ግን እሱ መቆሙን ሳያረጋግጡ ሰጋጃቸውን አይዘረጉም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።