በአንድ ኪሎባይት ውስጥ ያደረ ቼዝ

የዚህ ትምህርታዊ ዝግጅት ርዕሰ ጉዳይ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ትናንሽ የቼዝ ኮምፒውተሮችና በውስጣቸው የነበረው እጅግ ጠባብ ማኅደረ ትውስታ ሲሆን፣ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ማኅደረ ትውስታ ኮምፒውተር ትእዛዞቹንና የሚሠራባቸውን ቁጥሮች የሚያስቀምጥበት ክፍል ነው፤ መለኪያው ባይት ይባላል፤ አንድ ባይት ከዜሮ እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ብቻ ይይዛል፤ 1,024 ባይት ደግሞ አንድ ኪሎባይት ይሆናል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከሚሊዮን ባይት በላይ ቦታ ይይዛል፤ እነዚያ ማሽኖች ግን የጨዋታውን ሕግ፣ የማሰቢያውን ስልትና የሰሌዳውን ወቅታዊ ሁኔታ በአንድ ወይም በጥቂት ኪሎባይት ውስጥ ይዘው ከሰው ጋር ይጋጠሙ ነበር።

የችግሩ ስፋት ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቼዝ የሚጫወት ኮምፒውተር የራሱን እርምጃና የተጋጣሚውን መልስ እያፈራረቀ ወደ ፊት መመልከት፣ በመጨረሻም የሚደርስበትን አቀማመጥ በነጥብ መመዘን እንዳለበት አስረድቷል። ጨዋታው መካከል ላይ ሲደርስ ለአንድ ተጫዋች በአማካይ 35 ያህል ሕጋዊ እርምጃዎች ስለሚኖሩት፣ ከሁለቱም ወገን በድምሩ አራት እርምጃ ብቻ አስቀድሞ ለማየት የሚፈልግ ማሽን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ አቀማመጦች ይጠብቁታል። በ1956 በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ፣ ማኒያክ በተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ፕሮግራም ይህን ሸክም ለማቅለል ሰሌዳውን ወደ ስድስት በስድስት አጥብቦ ጳጳሶቹን ጨርሶ ከጨዋታው አስወጥቷቸው ነበር። ከዚያ ሃያ ዓመት በኋላ ግን ሙሉው ሰሌዳና ሠላሳ ሁለቱ ጠጠሮች በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ውስጥ ገቡ፤ ይህ እንዴት እንደተቻለ ለመረዳት ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ማይክሮቼስ የተባለው ፕሮግራም ነው።

በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪም-1 የሚል ስያሜ የሰጠውን ኮምፒውተር በ245 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ኪም-1 ስክሪንም ሆነ ሙሉ የፊደል ገበታ አልነበረውም፤ የነበረው ስድስት አኃዞችን የሚያበራ ማሳያ፣ ጥቂት ቁልፎች፣ 6502 የተባለ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ትእዛዞችን አንድ በአንድ የሚፈጽም ቺፕ፣ እንዲሁም በድምሩ 1,152 ባይት ማኅደረ ትውስታ ነበር። የቶሮንቶው ፒተር ጄኒንግስ በዚህ ማሽን ላይ የጻፈው ማይክሮቼስ ከዚህ ውስጥ የወሰደው 924 ባይት ነው።

የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ውሳኔ ሰሌዳውን በምን መልክ መያዝ ይሻላል የሚለውን ጥያቄ የሚመለከት ነበር። ለስድሳ አራቱ ካሬዎች አንድ አንድ ባይት መስጠት ቀላሉ መንገድ ቢሆንም ስድሳ አራት ባይት ያስከፍላል፤ ማይክሮቼስ ግን ሰሌዳውን ትቶ ጠጠሮቹን ብቻ መዘገበ፤ ለእያንዳንዱ ጠጠር የቆመበትን ካሬ የሚያመለክት አንድ ባይት በመመደቡ ወጪው ወደ ሠላሳ ሁለት ባይት ወረደ። ይህ ቁጠባ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም፤ አንድ ካሬ ባዶ መሆኑን ወይም በማን እንደተያዘ ለማወቅ ፕሮግራሙ የጠጠሮቹን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ስለሚኖርበት፣ በቦታ ያተረፈውን በጊዜ ይከፍላል። በጠባብ ማኅደረ ትውስታ የሚሠራ ፕሮግራመር ከጠዋት እስከ ማታ የሚያደርገው ይህንኑ ልውውጥ ነው፤ ጊዜ ሲተርፍ ጊዜውን ሰጥቶ ቦታ ይገዛል፤ ማይክሮቼስም በመደበኛ አጨዋወቱ ለአንድ እርምጃ 100 ሰከንድ ያህል ያስብ ስለነበር ለመስጠት የሚበቃ ጊዜ ነበረው።

ይበልጥ አድናቆት የሚገባው ለካሬዎቹ የተሰጠው የቁጥር አወጣጥ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢቶች አሉት፤ ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የሚሆን የመጨረሻው ትንሹ የመረጃ ክፍል ነው። ጄኒንግስ ባይቱን ለሁለት ከፍሎ አራቱን ቢቶች ለረድፉ፣ አራቱን ለዓምዱ መደባቸው፤ ሆኖም ከዜሮ እስከ ሰባት ያሉትን ስምንት ረድፎች ወይም ዓምዶች ለመቁጠር ሦስት ቢት ስለሚበቃ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ውስጥ አንድ ቢት ሁልጊዜ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ይህ ትርፍ የሚመስለው ቢት የሰሌዳው ዘብ ነው። በመጨረሻው ዓምድ ላይ፣ ማለትም በሰባት ቁጥር ላይ የቆመ ግንብ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ሲራመድ ሰባት ላይ አንድ ተደምሮ ስምንት ስለሚሆን ያ ቢት ወዲያውኑ ወደ አንድ ይለወጣል፤ በዜሮ ዓምድ ላይ ያለ ጠጠርም ወደ ግራ ሲወጣ ቅነሳው ያንኑ ቢት ይቀይረዋል፤ ከላይና ከታች ላሉት ድንበሮችም የሌላው ግማሽ ቢት እንዲሁ ያገለግላል። በመሆኑም ጠጠሩ ከሰሌዳው መውጣት አለመውጣቱን ለማወቅ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች መጠየቅ ሳያስፈልግ በአንድ የፍተሻ ትእዛዝ መልሱ ይገኛል። ይህ ዘዴ በፕሮግራመሮች ዘንድ ዜሮ ኤክስ 88 በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይማሩታል።

የጠጠሮቹ አካሄድም በዚሁ የቁጥር አወጣጥ ወደ ቀላል ድምር ተለውጧል። አንድ ረድፍ ወደ ላይ መውጣት 16 መደመር፣ አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ መሄድ 1 መደመር ስለሆነ፣ ፈረስ ሁለት ረድፍ ወጥቶ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ሲዘል ቦታው ላይ 33 ይደመራል። የንጉሥ፣ የንግሥት፣ የግንብና የጳጳስ አቅጣጫዎች በስምንት ቁጥሮች፣ የፈረስ ዝላዮች በሌሎች ስምንት ቁጥሮች ስለሚገለጹ፣ ከወታደሩ ልዩ አካሄድ በስተቀር የጠጠሮቹ ሁሉ የጉዞ መመሪያ በአሥራ ስድስት ባይት ተጠቃልሎ ያድራል።

ማሽኑ የራሱን እርምጃ ብቻ ሳይሆን የተጋጣሚውንም መልስ ማሰብ ስላለበት፣ ለሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያዩ የፕሮግራም ክፍሎች የሚያስፈልጉ ይመስላል፤ ማኅደረ ትውስታው ግን ለዚህ አይበቃም። ማይክሮቼስ ይህን የፈታው ሰሌዳውን በማዞር ነው፤ የእያንዳንዱን ጠጠር የካሬ ቁጥር ከ119 ሲቀንሰው የመጀመሪያው ካሬ የመጨረሻው፣ የመጨረሻው ደግሞ የመጀመሪያው ይሆናል፤ የሁለቱ ወገኖች መዝገቦችም ቦታ ይለዋወጣሉ። ከዚህ በኋላ ለራሱ የሚያስበው ያው የፕሮግራም ክፍል፣ አንዲት ትእዛዝ ሳትጨመርበት፣ ለተጋጣሚው ያስባል።

ወደ ፊት ሲመለከትም በየደረጃው የሰሌዳውን ሙሉ ቅጂ አያስቀምጥም። እርምጃውን በዚያው ባለው ሰሌዳ ላይ ይፈጽምና የትኛው ጠጠር ከየት ተነሥቶ የት እንደሄደ፣ ምንስ እንደበላ የሚገልጹ ጥቂት ባይቶችን ቁልል በሚባለው የማኅደረ ትውስታ ክፍል ያኖራል፤ ቁልል መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት የአቀማመጥ ሥርዓት ነው። ምርመራው ሲያበቃ እነዚያን ባይቶች እያወጣ እርምጃዎቹን ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። የሚደርስባቸውን አቀማመጦች የሚመዝነውም በአጭር የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ንግሥት 10፣ ግንብ 6፣ ጳጳስና ፈረስ እያንዳንዳቸው 4፣ ወታደር 2 ነጥብ አላቸው፤ በዚህ ላይ ጠጠሮቹ የሚንቀሳቀሱባቸው ካሬዎች ብዛትና የሚበሉት ጠጠር ግምት ይጨመራል። ፕሮሰሰሩ ራሱም ለቁጠባ የሚመች ጠባይ ነበረው፤ በማኅደረ ትውስታው የመጀመሪያዎቹ 256 ባይቶች ውስጥ ያለን ነገር ለመጥራት አድራሻው በአንድ ባይት ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ ላለው ግን ሁለት ባይት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በተደጋጋሚ የሚነሡትን ቁጥሮች እዚያ ማስቀመጥ በየትእዛዙ አንድ አንድ ባይት ያተርፋል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ተደርጎም ከጨዋታው ሕግ የቀረ ነገር አለ። ማይክሮቼስ በመጀመሪያ መልኩ ንጉሥንና ግንብን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰውን ካስሊንግን፣ እንዲሁም ወታደርን በማለፍ ላይ እያለ መብላትን በራሱ አያውቅም ነበር። ጉድለቱ እውነተኛ ነው፤ ጠንካራ ተጫዋችም ፕሮግራሙን በቀላሉ ያሸንፈው ነበር። ሆኖም ፕሮግራሙ ከ1976 መጨረሻ ጀምሮ በ10 ዶላር ሲሸጥ፣ ገዢዎች ትእዛዞቹን ከታተመው ወረቀት እያነበቡ ባይት በባይት በቁልፎቹ እየመቱ አስገብተው ይጫወቱ ነበር። ከሽያጩ የተገኘውም ገንዘብ በ1979 የወጣውን ቪዚካልክን፣ ማለትም ለግል ኮምፒውተሮች የተሠራውን የመጀመሪያ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም፣ ለገበያ ለማብቃት ረድቷል።

በ1977 ፊደሊቲ ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቼስ ቻሌንጀር የሚባለውን፣ ከቼዝ ሌላ ሥራ የሌለውን ማሽን አወጣ፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሮን ኔልሰን ነበር። ወዲያው አፕላይድ ኮንሴፕትስ የተባለው ኩባንያ ቦሪስን፣ ቀጥሎም በባትሪ የሚሠራውንና ተይዞ የሚኬደውን ቦሪስ ዲፕሎማትን አቀረበ፤ በጀርመን ሄግነርና ግላዘር የተባለው ድርጅት በ1980 ሜፊስቶን ሲያወጣ፣ በሆንግ ኮንግ ደግሞ ኖቫግና ሳይሲስ ገበያውን ተቀላቀሉ። የእነዚህ ማሽኖች ማኅደረ ትውስታ በሁለት ይከፈል ነበር፤ አንዱ በፋብሪካ ተጽፎ የማይለወጠውን ፕሮግራም የሚይዘው ሮም፣ ሌላው በጨዋታው ወቅት የሚቀያየሩትን ቁጥሮች የሚይዘው ራም ነው። ቦርሳ ውስጥ በሚገባ ማሽን ላይ ማኅደረ ትውስታው የጠበበው በቺፑ ዋጋ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቺፕ ከባትሪው የሚወስደው ኃይል ስላለ፣ አምራቾቹ ፕሮሰሰሩን፣ ሮሙንና ራሙን በአንድ ቺፕ ላይ ያጣመረ፣ ኃይል የሚቆጥብ ዓይነት ይመርጡ ነበር። በ1980ዎቹ በብዙ አነስተኛ የቼዝ ማሽኖች ውስጥ የገባው የሂታቺ 6301 ቺፕ በአንደኛው ዓይነቱ 16 ኪሎባይት ሮም ሲኖረው ራሙ 256 ባይት ብቻ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ቺፕ ፕሮግራም ከጻፉት አንዱ ሁሊዮ ካፕላን በ1967 በኢየሩሳሌም የዓለም ወጣቶች የቼዝ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነበር፤ ጨዋታውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የትኛው እውቀት በማሽኑ ውስጥ መግባት፣ የትኛው መቅረት እንዳለበት ይለያልና ለሥራው ተገቢ ሰው ነበር።

በእንዲህ ያለ ራም ላይ ጠንክሮ ለመጫወት የሚያስችለው አልፋ ቤታ የተባለው ስልት ነው። ማሽኑ አንድን እርምጃ ሲመረምር ተጋጣሚው የሚያፈርስበት አንድ መልስ ካገኘ፣ የቀሩትን መልሶች ሳያይ እርምጃውን ይተወዋል፤ እርምጃዎቹ በመልካም ቅደም ተከተል ከተመረመሩ፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ አቀማመጥ ወደ 2,500 ገደማ ይወርዳል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያስታውሰው አሁን የያዘውን አንድ የእርምጃዎች ሰንሰለት ብቻ ስለሆነ፣ የተመረመሩት አቀማመጦች ስለበዙ የሚያስፈልገው ራም አይበዛም።

ተይዘው ከሚኬዱት ውጭም ተመሳሳይ ፈተና ነበር። በ1979 ለአታሪ የቴሌቪዥን መጫወቻ የተሠራው ቪዲዮ ቼስ በ4 ኪሎባይት ሮምና በ128 ባይት ራም ይሠራ ነበር፤ ያው ፕሮሰሰር ምስሉንም የመሣል ግዴታ ስላለበት ማሽኑ በሚያስብበት ጊዜ ሰሌዳው ከስክሪኑ ይጠፋ ነበር። ዴቪድ ሆርን ደግሞ አንድ ኪሎባይት ራም ለነበረው ለሲንክሌር ዜድኤክስ81 በ672 ባይት የቼዝ ፕሮግራም ጻፈ፤ ይህን በትንሽነት የበለጠው ቡትቼስ የተባለው የ487 ባይት ፕሮግራም የወጣው በ2015 ነው። ሁለቱም ከሕጉ የተወሰነውን ክፍል ትተዋል፤ ስለዚህ በትንሽነታቸው ቢበልጡም በጨዋታነት ማይክሮቼስን አስንቀውታል ማለት አይቻልም።

የኋለኞቹ የኪስ ማሽኖች በሂታቺ ኤች8 ቺፕ 32 ኪሎባይት ሮምና አንድ ኪሎባይት ራም አግኝተዋል። ለእነዚህ ከጻፉት መካከል ኔዘርላንዳዊው ፍራንስ ሞርሽ ባዶ እርምጃ የሚባለውን ስልት በሰፊው ከተጠቀሙት አንዱ ነው፤ ማሽኑ ተራውን አሳልፎ ተጋጣሚው በተከታታይ ሁለቴ እንዲጫወት በሐሳቡ ይፈቅድለታል፤ ይህም ተደርጎ የራሱ አቀማመጥ የበላይነቱን ካላጣ፣ ያንን ቅርንጫፍ በጥልቀት መመርመር አስፈላጊ አለመሆኑን ይደመድማል። ስልቱ ብዙ ጊዜ የሚቆጥብ ሲሆን የሚፈልገው ግን ጥቂት ትእዛዞችን እንጂ ተጨማሪ ራም አይደለም። ሞርሽ በጋራ የሠራው ፍሪትዝ የተባለው ፕሮግራም በ1995 በሆንግ ኮንግ በተደረገው የዓለም የኮምፒውተር ቼዝ ሻምፒዮና፣ በተራ የግል ኮምፒውተር ላይ እየሠራ፣ አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ያቀረበውን፣ ዲፕ ብሉ የተባለውን የቼዝ ኮምፒውተር የሙከራ ማሽን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።