ዳኛው የሚመዝነው ማንን ነው? ወጣቶች፣ የእንስሳት ትርኢትና የእረኛው ዕውቀት



ዛሬ የምናገረው ልጆች አሳድገው ለአደባባይ ስለሚያቀርቧቸው በጎችና ሰንጎች ነው። ርእሱ ለዚህ መድረክ ቀላል ሊመስል ይችላል። ሆኖም ዕውቀት የማን እንደ ሆነና በማን ፊት እንደሚመሰከርለት የሚጠይቅ በመሆኑ ከሁላችንም ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ታሪኩን ከአሜሪካ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1902 በኦሃዮ ግዛት፣ በክላርክ ካውንቲ፣ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበሩት አልበርት ግራሃም የገጠር ልጆችን ሰብስበው በቆሎ እንዲያለሙና አፈር እንዲመረምሩ አደረጉ። በዚያ ዘመን ጎልማሳው ገበሬ ከምርምር ተቋም የመጣለትን አዲስ ነገር በጥርጣሬ ያይ ነበር። ልጁ ግን በጥቂት መሬት ላይ ሞክሮ ውጤቱን ለአባቱ ያሳያል። እንዲህ ያሉ ማኅበራት ተስፋፍተው «ፎር ኤች» የሚል ስም ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1914 የወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ የግብርና ኤክስቴንሽንን በአገር አቀፍ ደረጃ ሲያቋቁምም ሥራቸው ከግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተሳሰረ።

በየካውንቲው በሚደረገው የእንስሳት ትርኢት ላይ የሚቀርብ ልጅ እንስሳውን የሚረከበው ከወራት በፊት ነው። የመኖውን ዓይነት፣ ወጪውንና የክብደቱን ጭማሪ በመዝገብ ይይዛል። በትርኢቱ ዕለት ሁለት ዓይነት ዳኝነት አለ። አንደኛው የእንስሳውን የሥጋ ሙላት፣ የእግሩን አቋምና አካሄዱን ይመለከታል። ሁለተኛው የሚመዝነው ልጁን ነው፤ እንስሳውን እንዴት ይመራዋል? ለዳኛው እይታ አመቻችቶ ያቆመዋል? ስለ አያያዙ ሲጠየቅስ ምን ይመልሳል? ብዙ ጊዜም ጨረታ ይከተላል፤ ልጁ በእጁ ያጠበውንና ያበጠረውን ሰንጋ ለዕርድ አስረክቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ለልጅ ከባድ ትምህርት ነው።

ሥርዓቱ እንከን የለውም አልልም። ዋንጫና ገንዘብ ባሉበት ፈተናም አለ። ባለጸጋ ወላጅ በውድ ዋጋ የተመረጠ ጥጃ ሊገዛ ይችላል፤ ለሥጋ በሚውሉ እንስሳት የተከለከለውን ክሌንቡቴሮል የተባለ መድኃኒት ሰጥተው የተደረሰባቸውም አሉ። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፤ ዳኝነቱ በእንስሳው ላይ ብቻ ሲያርፍ ገንዘብ ያሸንፋል። ልጁን የሚጠይቀው ሁለተኛው ዳኝነትና መዝገቡ ግን ትጋትን ያስከብራሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በደጋው የሚያድግ እረኛ የትኛው ግልገል ከየትኛዋ እናት እንደ ተወለደ ያውቃል፤ የታመመውንም ከአረማመዱ ይለያል። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት አይጻፍም። እንዲያውም ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ «እረኛ» የሚለው ቃል መሰደቢያው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ግን መንገድ ያሳያል። በዚህ አሠራር ግልገሎች ይመዘናሉ፣ ልደታቸው ይመዘገባል፤ ገበሬዎችም በአንድነት ተሰብስበው ለዘር የሚቀሩትን አውራ በጎች ይመርጣሉ። የምርጫው ቀን በራሱ ትርኢት ነው። ታዲያ በጎቹን ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ልጅ በዚያ ቀን የት ይቆማል?

ሐሳቤ ይህ ነው፤ የመዝገቡ አንድ ቅጂ በልጁ እጅ ይሁን፤ በምርጫው ዕለትም እሱ ወይም እሷ በጉን እየመሩ ይቅረቡ፣ ይጠየቁ፣ ይመስክሩ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ጥበቃ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያስቀራል፤ ስለዚህ ትርኢቱ ለጉልበት ሥራ ማስዋቢያ እንዳይሆን ተሳታፊው በትምህርት ላይ ያለ ልጅ መሆን አለበት። ክብደት መዝግቦ አማካዩን ያሰላ ልጅ ሒሳብ ተምሯል፤ የታዘበውን በጽሑፍ ያሰፈረም ሳይንስ ጀምሯል።

እናንተ ተማሪዎች ነገ ባለሙያ ሆናችሁ ወደ ገጠር ስትወጡ፣ ከአባወራውና ከእማወራዋ ቀጥሎ እረኛውንም ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት።